በአሮጌዋ ሞምባሳ የአንድ ምሽት የእግር ጉዞ

በዛሬው እትማችን ከራሽንና ከውሃ ዜና ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አንድ አሮጌ ከተማ እናወጋችኋለን። ከካኩማ ካምፕ የተውጣጣን ስድስት ስደተኛ መምህራን ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ሞምባሳ ሄደን ነበር። ከተመለስን ወዲህ በትምህርት ቤትም፣ በቡና ቤትም፣ በውሃ ሰልፍም የሚጠይቀን ሰው ብዙ ነው። «ባሕሩን አያችሁት? ከተማውስ እንዴት ነው?» ይሉናል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምንተርክ እዚሁ ጽፈን ብናወጣው ለሁሉም ይዳረሳል ብለን ተስማማን።

ሥልጠናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ አመሻሹ 11 ሰዓት ስለነበር ቀን ለጉብኝት የሚተርፍ ጊዜ አልነበረንም። ሙቭመንት ፓሳችን ላይ የተጻፈው የመመለሻ ቀን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ የሚጨመርበት አይደለም። ከዚህ እስከ ሞምባሳ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘን የሥልጠና አዳራሽና የመኝታ ክፍል ብቻ አይተን እንዳንመለስ የመጨረሻዋን ምሽት ለአሮጌው ከተማ አዋልናት። ገንዘብ አዋጣንና አስጎብኚ ያዝን። አሮጌ ከተማን ያለ አስጎብኚ መዞር ፊደል ያልቆጠረ ሰው መጽሐፍ እንደሚያገላብጠው ነውና።

ሰዓታቸው እንደ እኛው ነው

አስጎብኚያችን እዚያው አሮጌው ከተማ ተወልደው ያደጉ አዛውንት ናቸው። ስማቸውን እዚህ ባንጠቅስ ይሻላል፤ ሁሉም ሰው ምዜ ይላቸዋል፣ እኛም ምዜ አልናቸው። በስዋሂሊ ምዜ ማለት ሽማግሌ፣ የተከበረ ሰው ማለት ነው። እሳቸውም እኛን በብዛት «ዋሊሙ»፣ መምህራን፣ እያሉ ነበር የሚጠሩን።

በስልክ ቀጠሮ ስንይዝ «ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» አሉን፤ በ12 ሰዓት ማለት ነው። ከሥልጠናው ጓደኞቻችን ውስጥ ከሌላ አገር የመጡት ግራ ገባቸው። ለእነሱ 12 ሰዓት ወይ ቀትር ነው ወይ እኩለ ሌሊት። እኛ ግን አልተቸገርንም። የስዋሂሊ ሰዎች እንደ እኛው ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ከፀሐይ መውጫ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ 12 ሰዓት ሲሞላ ይመሻል። «ሳ» የሚለው ቃል ራሱ «ሰዓት» ከምንለው ጋር ዘመድ ነው። ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ቢሆንም ከዓረብኛ ብዙ ቃል ወስዷል፤ አማርኛ ደግሞ የዓረብኛ የሥጋ ዘመድ ነው። ስለዚህ ባሕርን «ባሃሪ»፣ ደምን «ዳሙ»፣ ሳህንን «ሳሃኒ»፣ ሰባትን «ሳባ» ሲሉ ስትሰማ እንግድነትህ ትንሽ ይቀንስልሃል።

ከመካከላችን ስዋሂሊ አቀላጥፎ የሚናገረው ታናሻችን ነው። እዚሁ ካኩማ ተወልዶ እዚሁ ተምሮ መምህር የሆነ ልጅ ነው። ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። የምዜን ንግግር ለሌሎቻችን የተረጎመልን እሱ ነው።

ግንቡ

ጉዞው የሚጀምረው ፎርት ጂሰስ ከሚባለው ግንብ በር ላይ ነው። ሙዚየሙ ማታ ስለሚዘጋ ወደ ውስጥ አልገባንም፤ ምዜ ከውጭ ቆመው ነው ታሪኩን የነገሩን። ፀሐይ እየጠለቀች ስለነበር ግድግዳው ቀላ ያለ መልክ ይዞ ነበር። ግንቡ የተሠራው ከባሕር ከሚወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. ያሠሩት ፖርቱጋሎች ሲሆኑ ንድፉን ያወጣው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የተባለ የሚላን ሰው ነው። ከሰማይ ሲታይ የተንጋለለ ሰው ይመስላል ይባላል።

ፖርቱጋሎች ወደዚህ ዳርቻ የመጡት ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብለው ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በሚያዝያ 1498 እ.ኤ.አ. ነበር። ከተማው በበጎ ስላልተቀበለው ወደ ማሊንዲ አለፈ። እዚህ ላይ ከሁላችን የሚበልጡት ጋሼ ጣልቃ ገብተው «የዚህ ሰውዬ ልጅ እኮ እኛ አገር ነው የሞተው» አሉ። እውነት ነው። ክሪስቶቮ ዳ ጋማ በ1541 እ.ኤ.አ. 400 ያህል ጠመንጃ ያዥ ፖርቱጋሎችን አስከትሎ ከምጽዋ ገባ፤ ከአፄ ገላውዴዎስ ወገን ሆኖ ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጋር ተዋጋ፤ በ1542 እ.ኤ.አ. ተማርኮ ተገደለ። ምዜ ይህን ሲሰሙ በጣም ተገረሙ። «ስንት ዓመት ሙሉ የአባቱን ታሪክ ስናገር ልጁ የት እንደሞተ የነገረኝ አንድም ቱሪስት የለም» አሉን።

ግንቡ ብዙ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል። ምዜ ካወሩን ሁሉ በልባችን የቀረው የዩሱፍ ቢን ሐሰን ነገር ነው። አባቱ የሞምባሳ ገዢ ነበር፤ ፖርቱጋሎች አባቱን ካስገደሉ በኋላ ልጁን በሕፃንነቱ ሕንድ ወደምትገኘው ጎአ ወስደው በክርስትና ስምና በእነሱ ትምህርት አሳደጉት። በ1626 እ.ኤ.አ. መልሰው በአገሩ ላይ አነገሡት። እሱ ግን በነሐሴ 1631 እ.ኤ.አ. የግንቡን አዛዥ ገድሎ ግንቡን ያዘ፤ በዓመቱም ትቶት በባሕር ሄደ። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ የተማረ ልጅ ሲያድግ ማን ይሆናል? እኛ መምህራን ይህን ጥያቄ በየቀኑ ክፍል ውስጥ የምናየው ስለሆነ ዝም ብለን ተያየን።

ከ1696 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦማን ዓረቦች ግንቡን ወደ 33 ወር ከበቡት። ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹን የጨረሰው ጥይት ሳይሆን ረሃብና በሽታ ነው። ሊረዳ የመጣ ሳንቶ አንቶንዮ ደ ታና የተባለ የፖርቱጋል መርከብ በ1697 እ.ኤ.አ. እዚያው ፊት ለፊት ሰጠመ፤ ከውስጡ የወጣው ዕቃ ዛሬ በሙዚየሙ ይታያል። በታኅሣሥ 1698 እ.ኤ.አ. ግንቡ በኦማኖች እጅ ገባ። እንግሊዞች ከ1895 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. እስር ቤት አደረጉት። በኋላም ሙዚየም ሆነ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ምዜ በልጅነታቸው ሰዎች በዚያ በር ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር ያስታውሳሉ። አሁን ግን ልጆች ከግድግዳው ሥር ኳስ ይጫወታሉ።

ጠባቡ መንገድ

ከግንቡ ወጥተን ምባራክ ሂናዊ በሚባለው መንገድ ገባን። ይህ መንገድ በቅኝ ግዛት ጊዜ የቫስኮ ዳ ጋማ መንገድ ይባል ነበር። አሁን የሚጠራው የባሕሩ ዳርቻ ሊዋሊ፣ ማለትም አስተዳዳሪ በነበሩት በሰር ምባራክ አሊ ሂናዊ ስም ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ዕቃ ተሸክሞ ቢገናኝ አንዱ ጥግ መያዝ አለበት። ጠባብ የሆነው በድህነት አይደለም፤ ግድግዳዎቹ ተቀራርበው አንዱ ለሌላው ጥላ እንዲሰጥ፣ የባሕሩም ነፋስ በመካከል እንዲያልፍ ነው። የእኛን ቆርቆሮ ቤት የቀትር ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ብልሃት ነው።

የቤቶቹ ግድግዳ ኮራል ድንጋይና ኖራ ነው። ጣራውን የሚሸከመው ቦሪቲ የሚሉት የማንግሮቭ እንጨት ነው። ማንግሮቭ በባሕር ዳር በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ግንዱ ጠንካራ ቢሆንም ረጅም አይሆንም። ስለዚህ የድሮዎቹ ቤቶች ክፍሎች ሁሉ ጠበብ ያሉ ናቸው፤ የክፍሉን ስፋት የሚወስነው የእንጨቱ ቁመት ነው። በየደጃፉ ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አለ። ማታ ማታ ወንዶቹ እዚያ ላይ ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ መንገደኛውም ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። ምዜ በየባራዛው እየቆሙ ስለሚጨባበጡ መቶ ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ይፈጅብን ነበር።

በሮቹን ልንነግራችሁ እንፈልጋለን። ከከባድ እንጨት የተሠሩ ባለ ሁለት ተከፋች ናቸው፤ ዙሪያቸው አበባ፣ ዓሣና ሰንሰለት የመሰለ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ሰንሰለቱ ቤቱን ከክፉ ይጠብቃል ተብሎ እንደሚቀረጽ ምዜ ነገሩን። አንዳንዱ በር ላይ የነሐስ ጉጦች ተተክለዋል። ይህ ልማድ ከሕንድ የመጣ ነው፤ እዚያ ዝሆን በሩን ገፍቶ እንዳይገባ ነው ይባላል። ሞምባሳ ከተማ ውስጥ ዝሆን የሚገፋው በር ባይኖርም ጌጡ ቀረ። ከላይ ያሉት የእንጨት በረንዳዎችም የሕንድ እጅ አለባቸው። ምዜ በባትሪ እያበሩ «ይህ ዓረብ፣ ይህ ሕንድ፣ ይህ የእኛው የስዋሂሊ» እያሉ ሲያሳዩን አንድ በር ብቻውን የሦስት አገር ሥራ መሆኑን አየን።

በዚሁ መንገድ ላይ ማንድሪ የሚባለው መስጊድ አለ። የተመሠረተው በ1570 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከግንቡም ይቀድማል። ነጭ ሆኖ ሚናሬቱ ሾጣጣ ነው። ትይዩው የጣፋጭ ውሃ ጉድጓድ አለ። የመግሪብ አዛን የተሰማው እዚያ ስንደርስ ነበር። ከየመስጊዱ አንድ በአንድ ሲነሣ ከተማው በሙሉ ድምፅ ሆነ። ምዜ ሊሰግዱ ገቡ፣ ከእኛም ሁለቱ አብረው ገቡ፤ ሌሎቻችን ከጉድጓዱ አጠገብ ቆመን ጠበቅናቸው።

ከታንጀር የተነሣው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ1331 እ.ኤ.አ. በሞምባሳ ሲያልፍ የመስጊዶቹን በር ጉድጓዶችና እግር አጥቦ የመግባቱን ሥርዓት ጽፎ ነበር። መስጊዶቹ ያኔ በእንጨት ጥሩ ሆነው የተሠሩ እንደነበሩም መዝግቧል። እሱም እንደ እኛ በከተማው ያሳለፈው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ያየው ነገር ግን ከ690 ዓመት በላይ አልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። ይህን ለተማሪዎቻችን ነግረናቸዋል፤ ያያችሁትን ጻፉ፣ ጽሑፍ ዕድሜው ረጅም ነው ብለን።

አሮጌው ወደብ

መንገዱ ወደ አሮጌው ወደብ ያወርዳል። ታናሻችን ውሃውን ሲያይ መጀመሪያ ምንም አልተናገረም። ቀስ ብሎ ወርዶ እጁን ነክሮ ቀመሰውና «እውነትም ጨው ነው» አለ። ለስንት ዓመት ለተማሪዎቹ የባሕር ውሃ ጨዋማ ነው እያለ ሲያስተምር የኖረ መምህር ነው። ሳቅን፤ ግን ሳቁ ሁሉንም ደስ ያሰኘ ሳቅ አልነበረም።

ይህ ወደብ ለብዙ መቶ ዓመት የቆመው በነፋስ ነው። ካስካዚ የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ በሸራ የሚሄዱ ዳው የተባሉ የእንጨት መርከቦች ከዓረብና ከሕንድ ይመጣሉ፤ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ሲነሣ ይመለሳሉ። መካከል ላይ ነፋሱ እስኪዞር ወራት መጠበቅ ነበረባቸው። በዚያ መጠበቅ ውስጥ ነው ያገቡት፣ ቤት የሠሩት፣ ልጅ ያሳደጉት። በ1896 እ.ኤ.አ. የኡጋንዳ ባቡር ሐዲድ ሥራ ከሞምባሳ ተጀመረ፤ ለሥራውም ወደ 32,000 የሚሆኑ ሕንዳውያን ሠራተኞች ተጓጓዙ። ትልልቆቹ መርከቦች በደሴቲቱ ሌላ ጎን ወዳለው ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ ዞሩ፤ አሮጌው ወደብ ለዳዎቹ ቀረ።

እዚያ ቆመን ሳለ ምዜ የዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍን ስም አነሡ። ይህን ሰው የሸዋ ታሪክ ያነበበ ያውቀዋል። ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። በ1839 እ.ኤ.አ. ሸዋ ገብቶ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀመጠ፤ የኦሮሞን ቋንቋ ተማረ። በ1842 እ.ኤ.አ. ከሸዋ ወጣ፤ ከዚያም መመለሻ አጣ። በሰሜን ቢዘጋበት በደቡብ በኩል ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት አስቦ በ1844 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ መጣ። በዚያው ዓመት ሚስቱና አዲስ የተወለደችው ልጁ በበሽታ ሞቱበት፤ ከባሕሩ ማዶ ቀበራቸው። የፈለገው አገር አልደረሰም። ተስፋ ቆርጦ ግን አልተቀመጠም፤ የስዋሂሊን ቋንቋ አጥንቶ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። ሌላ ቦታ ለመድረስ አስቦ መጥቶ በመንገድ በቀረበት አገር ሥራ የሠራ ሰው ነው። በካምፓችን ስንቱ ሰው ለጥቂት ወር ብሎ መጥቶ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሞላው!

ከወደቡ ስንወጣ ሁለት የጸጥታ አስከባሪዎች አስቆሙን። መታወቂያ ጠየቁ። በዚያች ቅጽበት ስድስታችንም እጃችን ወደ አንድ ኪስ ነው የሄደው፣ ፓሱ ወዳለበት። አንዱ በባትሪ ቀኑን አነበበ። ፓሱ የሚያልቀው በማግስቱ ነበር። ምዜ ረጋ ብለው «እንግዶቼ ናቸው፣ መምህራን ናቸው» አሏቸው። ሰውዬው ወረቀቱን መልሶ «ካሪቡኒ» አለን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ምንም ክፉ ነገር አልደረሰብንም። ነገር ግን ከእኛ በፊት ያለፉት ቱሪስቶችም፣ ከኋላችን የመጡት የከተማው ልጆችም አልተጠየቁም። ምሽት ላይ በእግር መንሸራሸር ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው የወረቀት ጉዳይ መሆኑን ያኔ ሁላችንም አሰብነው።

ቡናውና ምሳሌው

በንዲያ ኩ፣ ማለትም በትልቁ መንገድ፣ ወደ ግንቡ ስንመለስ ምዜ አንድ ቡና ሻጭ ዘንድ አስቀመጡን። ሻጩ ሾጣጣ የነሐስ ጀበናውን ከሰል ላይ ጥዶ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ቡናው ካሃዋ ቹንጉ ይባላል፤ መራራ ቡና ማለት ነው። ዝንጅብል አለበት፣ ስኳር የለውም፤ እጀታ በሌላት ትንሽ ሲኒ ነው የሚቀዳው። ከጎኑ ከኦቾሎኒና ከስኳር የተሠራ ካሻታ ይቀርባል። ያልተፈጨውን ቡና ደግሞ «ቡኒ» ነው የሚሉት። ከመካከላችን ያለችው መምህርት «ቡናውስ የእኛ ነው፣ ስሙንም አልቀየሩትም» አለች። ለምዜም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳቻቸው። «እንግዲያውስ ሦስት ሲኒ ሳትጠጡ አትነሡም» አሉ።

ምዜ የሞምባሳ ሰው ማን እንደሆነ ያጫወቱን እዚህ ነው። የጥንቶቹ የሞምባሳ ስዋሂሊዎች ራሳቸውን 12 ታይፋ፣ 12 ነገድ ይላሉ፤ ዘጠኙ በአንድ ወገን፣ ሦስቱ በሌላ ወገን። የብዙዎቹ ስም የመጡበት ቦታ ስም ነው፤ ከፓቴ የመጡት የፓቴ ሰዎች፣ ከፋዛ የመጡት የፋዛ፣ ከኪሊፊና ከምትዋፓ የመጡትም እንዲሁ። «ሁሉም ከሌላ ቦታ መጥቶ ከሆነ ባለአገሩ ማነው?» ብለን ጠየቅን። ምዜ «መጥቶ የቆየው፣ የሠራው፣ የቀበረው ነው» አሉ። ቀጥለውም «እናንተስ ከየት ናችሁ?» አሉን።

እኛ በየተራ የተወለድንበትን ነገርናቸው፤ ደሴ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ ድሬዳዋ። ታናሻችን ግን «እኔ የካኩማ ነኝ» አለ። ምዜ ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ አንተ የካኩማ ታይፋ ነህ» ብለው ሳቁ። ልጁም ሳቀ። ከዚያ ምዜ በስዋሂሊ የታወቀ ምሳሌ ተናገሩ፤ እንግዳ ሁለት ቀን ነው፣ በሦስተኛው ቀን መኮትኮቻ ስጠው የሚል። ሁለት ቀን ታበላዋለህ፤ በሦስተኛው ከቤተሰቡ እንደ አንዱ ቆጥረህ ወደ እርሻ ትወስደዋለህ ማለት ነው።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ምዜ፣ እኛ እኮ እንግዳ ከሆንን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነን። እህሉን ሰጡን፣ እግዜር ይስጥልን። መኮትኮቻው ግን አልደረሰንም» አሏቸው። ታናሻችን ይህን ሲተረጉም ቡና ሻጩ ሳይቀር ዝም አለ።

አንባቢዎቻችን እንደምታውቁት ካኩማ የተከፈተው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ ራሱን እንዲችል በር ከፍቷል። በማርች 2025 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሺሪካ ፕላንም ካምፖቹን ስደተኛውና ባለአገሩ አብረው የሚኖሩባቸው ከተሞች ለማድረግ ያለመ ነው። በወረቀት ላይ መኮትኮቻው ተጽፏል ማለት ይቻላል። በተግባር ግን ስደተኛ መምህር እስካሁን የሚቀበለው ኢንሴንቲቭ እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ ከካምፕ ለመውጣትም ፓስ ያስፈልገዋል። ይህን የምንለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከተማ እንዴት እንደሚሆን በዓይናችን ስላየን ነው። ሞምባሳ ከተማ የሆነችው መጤው ቤት እንዲሠራ፣ እንዲነግድ፣ በር እንዲቀርጽ ቦታ ስለተገኘለት ነው።

መሄድ ለሚችል ሰው

በትምህርትም ሆነ በሕክምና ምክንያት ሞምባሳ የመሄድ ዕድል ለሚያገኝ ሰው የምንመክረው ይህን ነው። አስጎብኚ ስትይዙ ፈቃድ ያለው መሆኑን መታወቂያውን አይታችሁ አረጋግጡ፤ ዋጋውንና የሚወስደውን ሰዓት መጀመሪያ ተስማሙ። በቡድን ሁኑ፤ ገንዘቡም ይቀላል፣ ለደህንነትም ይሻላል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ፣ ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በተለይ ሴቶችን። የግንቡን ውስጥ ማየት የሚፈልግ ቀን ይሂድ፤ መንገዶቹን ማየት የሚፈልግ ግን ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድና ሰው ወደ ባራዛው ሲወጣ ይሂድ። ራት እዚያው መንገድ ዳር ይገኛል፤ በእሳት የተጠበሰ ሚሽካኪ፣ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ድንች። ከሁሉ በላይ ግን ፓሳችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

ካኩማን የሚያስጎበኝ ማነው?

ከምዜ የተማርነው ትልቁ ነገር ስለ ሞምባሳ ብቻ አይደለም። እሳቸው ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። የሚያውቁትን ከአባታቸውና ከባራዛው ሽማግሌዎች ነው የሰሙት። እያንዳንዱን በር በስሙ ያውቁታል፤ ማን እንደሠራው፣ ማን እንደሸጠው፣ ማን እንደተዳረበት። እኛስ ሰፈራችንን እንዲህ እናውቀዋለን? ተማሪዎቻችንን ጠየቅናቸው። የሚኖሩበትን ብሎክ ቁጥር ሁሉም ያውቃል። ብሎኩን መጀመሪያ የመነጠረው ማን እንደሆነ፣ የመጀመሪያው የእንጀራ ምጣድ የት እንደተጣደ፣ የመጀመሪያው ክፍል በየትኛው ዛፍ ሥር እንደነበር ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

የሚያውቁት ሰዎች ግን አሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ካምፖች ወጥተው በእግር የመጡ የደቡብ ሱዳን ሰዎች አሉ፤ ያኔ ሕፃናት ነበሩ፣ አሁን አባቶች ናቸው። ከዋልዳ ካምፕ የተዛወሩ ወገኖቻችንም አሉ። ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይቀንሳል። አንዳንዱ በሪሴትልመንት አሜሪካና አውስትራሊያ ሄዷል፤ አንዳንዱን እዚሁ መቃብር ሸኝተነዋል። እነሱ ሲሄዱ ወሬው አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከከፍተኛው ክፍል ተማሪዎች ጋር አንድ ሥራ ጀምረናል። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሽማግሌዎችንና እናቶችን እየጠየቁ ይጽፋሉ። ሲጠናቀቅ በየወሩ አንድ ቅዳሜ፣ ማታ እንኳ ባይቻል ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ፣ ልጆቹ ራሳቸው አስጎብኚ ሆነው ሰፈሩን በእግር ያዞሩናል። የመጀመሪያውን ጉዞ የሚመራው ታናሻችን ነው። «የካኩማ ታይፋ ነኝና ሥራው የእኔ ነው» ብሏል።

በ1992 እና በ1993 እ.ኤ.አ. የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወይም እነሱን የምታውቁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ የመምህራን ክፍል ብቅ በሉልን። የድሮ ፎቶግራፍ ወይም የመጀመሪያውን የራሽን ካርድ ያስቀመጠ ካለም ይዞት ይምጣ፤ አይተን ወዲያው እንመልሳለን። ቡናውን እኛ እናፈላለን። ሰላም ሁኑ።